ከሜክሲኮዎች መደብር አስቤዛ ስገዛ

አሜሪካ ውስጥ አስቤዛ መግዛት በአብዛኛው ዓይንን እንጂ እጅን የማይጠይቅ ሥራ ነው። ዱባው ተከትፎ፣ ሰላጣው ታጥቦ፣ ሥጋው በነጭ ሳህን ተዘርግቶና በላስቲክ ተወጥሮ ስለሚጠብቅ፣ ገዥው የሚያገላብጠው ዕቃውን ትቶ የተለጠፈበትን ወረቀት ነው። እናቶቻችን በጉሊትና በመርካቶ ይዘውን እየዞሩ ያስተማሩን ሁሉ፣ ሽንኩርቱን ጨብጦ ጥንካሬውን መለየት፣ የበርበሬውን ዛላ ነቅነቅ አድርጎ የፍሬውን ድምፅ ማዳመጥ፣ ሎሚውን በአውራ ጣት ፈተግ አድርጎ ማሽተት፣ እዚያ ፈላጊ አጥቶ ሥራ ይፈታል። እኔ የምኖርበት የሎስ አንጀለስ ሰሜናዊ ክፍል፣ የሳን ፈርናንዶ ሸለቆ የሚባለው፣ የሜክሲኮዎች መደብር በየአቅጣጫው ያለበት በመሆኑ ይህ ዕውቀት አልዛገብኝም። የእነዚህ መደብሮች ደስታ ከምንም በላይ ገዥው ምግብ ማብሰል ያውቃል ብለው በማሰባቸው ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

መደብሮቹን «የስደተኛ ሱቅ» ብሎ መጥራት የተለመደ ቢሆንም ለካሊፎርኒያ አባባሉ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ይህ ምድር እስከ 1848 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የሜክሲኮ ግዛት ነበር፤ ወደ አሜሪካ የዞረው በዚያ ዓመት በተፈረመው የጓዳሉፔ ሂዳልጎ ውል ነው። ዛሬ የምናውቃቸው ትልልቆቹ መደብሮች ግን የቅርብ ጊዜ ናቸው። ኖርዝጌት ጎንዛሌዝ የሚባለውን ከሃሊስኮ ክፍለ ግዛት የመጣ ቤተሰብ በ1980 አናሃይም ከተማ ውስጥ ከአንዲት ትንሽ ሱቅ ጀመረው፤ ቫያርታ የተሰኘው ደግሞ በ1985 በቫን ናይስ ሰፈር በጠባብ ሥጋ ቤትነት ተከፈተ። ቴክሳስ ውስጥ፣ በሂዩስተን ከተማ፣ ፊየስታ ማርት ከሁለቱም ቀድሞ በ1972 ሥራ ጀምሯል። ኖርዝጌት በ2023 መጨረሻ ኮስታ ሜሳ ላይ የሜክሲኮ ከተማ ገበያዎችን እንዲመስል አድርጎ የከፈተው ሰፊ አዳራሽ አለ፤ ያምራል፣ ለእንግዳ ማሳያም ጥሩ ነው፤ ለሳምንት አስቤዛ ግን እኔ ጣሪያው ዝቅ ያለውን፣ ከላይ በወረቀት የተሠሩ ባለቀለም ፒንያታዎች የተንጠለጠሉበትን፣ የመለከትና የአኮርዲዮን ሙዚቃ ከሥጋ መጋዙ ጩኸት ጋር የሚሽቀዳደምበትን ተራውን የሰፈር መደብር እመርጣለሁ።

እግሬን ከሁሉ ይልቅ የሚይዘው የደረቅ በርበሬው ክፍል ነው። በተለመደው ሱፐርማርኬት ደረቅ በርበሬ ማለት በትንሽ ጠርሙስ የታሸገ፣ መቼ እንደተፈጨ የማይታወቅ ቀይ ዱቄት ሲሆን፣ እዚህ ግን ሣጥኖች ጎን ለጎን ተደርድረው ዛላው እስከ አፋቸው ሞልቶ ይቆያል፤ ገዥው በመቆንጠጫ ወይም በእጁ እየመረጠ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይከታል፣ ከዚያ ይመዘንለታል። ጓሂዮ የሚባለው ረዘም ያለ፣ ቆዳው ለስላሳና የሚያብረቀርቅ፣ ቀለሙ ጥልቅ ቀይ የሆነ፣ ብዙም የማያቃጥል ነው፤ ለዓይን ከማረቆ በርበሬያችን ጋር የሚቀራረበው እሱ ነው። አንቾ ደግሞ፣ ፖብላኖ የተባለው ትልቅ ቃሪያ ቀልቶ ሲደርቅ የሚገኘው ነው፤ ሰፊና የተጨማደደ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ ሲሸት ዘቢብ ዘቢብ የሚል። ፓሲያ ቀጭንና ጥቁር ነው። ቺፖትሌ ሃላፒኞ የሚባለው ቃሪያ ቀልቶ በጭስ የደረቀ በመሆኑ ከሩቅ ይታወቃል። አርቦል የጣት አጥንት የማያክል ቀጭን ሆኖ ሳለ ዓይን ያስለቅሳል፤ ፒኪን የምትባለው ደግሞ ከሁሉም ታንሳለች፣ ጠባይዋም ወደ ሚጥሚጣ ነው።

እዚህ ሣጥን ፊት ስቆም ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነገር አለ። በርበሬን የራሳችን አድርገን፣ ስሙን ከአገራችን ስም ጋር አጣምረን የምንጠራ ሰዎች ነን፤ ነገር ግን የበርበሬ ተክል መጀመሪያ በሰው እጅ የተለማው ሜክሲኮ ውስጥ ነው፣ ያውም ከሺህ ዓመታት በፊት። ከ1492 በኋላ የስፔንና የፖርቱጋል መርከቦች ፍሬውን በየባሕሩ አዳርሰውት ነው ወደ እስያም ወደ አፍሪካም የገባው። ከዚያ በፊት የኖሩት ቅድመ አያቶቻችን ዝንጅብል፣ ኮረሪማና ጥምዝ ነበራቸው፤ ቀይ ወጥ ግን አልነበራቸውም። ቲማቲሙም፣ በቆሎውም፣ ቦሎቄውም ከዚያው አህጉር ነው የመጣው። በሌላ አነጋገር፣ የፋሲካ ዶሮ ወጣችን ስማቸው ያልተጻፈ የሜክሲኮ ገበሬዎች ውለታ አለበት፤ እኔም የውለታውን ባለቤቶች ዘሮች ተራ ጠብቄ በርበሬ እገዛቸዋለሁ።

ጥሩ ዛላ ሲታጠፍ ይለመጣል እንጂ አይሰበርም። ቆዳው ላይ ነጣ ያለ ነጠብጣብ ወይም ነቀዝ የበሳው ቀዳዳ ካለ መተው ነው፤ ከረጢቱ ሥር ብናኝ የበዛበትም ያረጀ ነው። ይህን በከፊል ከእናቴ፣ በከፊል ደግሞ እዚያው ሣጥን አጠገብ ካገኘኋቸው አንዲት አሮጊት ተምሬዋለሁ። ጓሂዮ ስሞላ ቆመው አዩኝና፣ እኔ በደከመው ስፓኒሼ መረዳት እንድችል ቀስ እያሉ፣ «ልጄ፣ ይኼ የላይኛው ያረጀ ነው፤ ከሥር ያለውን አንሺ» አሉኝ፤ ፈቃዴንም ሳይጠብቁ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሰደው የተሻለውን ያወጡልኝ ጀመር። ምን እንደምሠራበት ሲጠይቁኝ ዶሮ ነው አልኳቸው፤ ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ለረጅም ሰዓት እንደሚቁላላ፣ በርበሬው ከዚያ እንደሚገባ፣ ዶሮዋም አሥራ ሁለት ቦታ እንደምትገነጠል በእጄም በአፌም አስረዳኋቸው። የሽንኩርቱን ብዛት ስነግራቸው «ለአንዲት ዶሮ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ በተራቸው ሞሌ ስለሚባለው ወጣቸው፣ ብዙ ዓይነት በርበሬ፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ ቅመምና ጥቂት ቸኮሌት ገብቶበት ሁለት ቀን ስለሚፈጀው ሥራ አወሩልኝ። እኔም በተራዬ «ለአንድ ወጥ ሁለት ቀን?» አልኳቸው። ምክራቸው ግን በቁም ነገር ነበር፦ ጓሂዮ ለቀለም፣ አንቾ ለውፍረትና ለጥፍጥና፣ አርቦል ለማቃጠል።

ይህን ምክር ለበርበሬያችን ስሞክረው ቆይቻለሁ። ጓሂዮውን አብዝቼ፣ አርቦሉን በልኩ ስጨምር ቀለሙም ኃይሉም ጥሩ ይመጣል፤ አንቾ ግን ጥቂት ሲበዛ ድልሁን ወደ ጣፋጭነት ይወስደዋል፣ ስለዚህ ለወጥ አልመክረውም። የሁለቱ ኩሽናዎች መንገድም ይለያያል። እነሱ ዛላውን ለአፍታ በምጣድ አመስ አድርገው፣ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክረው፣ ፈጭተው፣ ድልሁን በስብ ይጠብሱታል፤ ሥራው በዚያው ቀን ተጀምሮ በዚያው ቀን ያልቃል። እኛ ግን ቀንጥሰን፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በበሶብላና በጤና አዳም ደልዘን፣ ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ አስፈጭተን ለዓመት እናኖረዋለን። የእኛው ጓዳ ውስጥ ይከርማል፤ የእነሱ ግን የፍሬውን ሽታ ይጠብቃል፤ ይህን ለማመን ጊዜ ወስዶብኛል እንጂ ጣዕሙ ግልጽ ነው። ዛሬ አዋዜ ስሠራ በእነሱ መንገድ ነው፤ ጓሂዮ አምሼ፣ ነክሬ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከትንሽ ጠጅ ጋር እፈጨዋለሁ፤ ለጥሬ ሥጋ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ከደረቁ ወደ እርጥቡ ሲታለፍ የማውቀው ነገር ይበዛል። በዚህ አገር ያለን ሐበሾች ስንግ የምንሠራበት ቃሪያ ሃላፒኞ ነው፤ እዚህ በክምር ስለሚሸጥ ለስንግ የሚሆነውን ሰፋ ያለና ቀጥ ያለ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚይዝ ሆድ ያለውን እየለዩ ማንሳት ይቻላል። ለዳጣ ሴራኖ ይሻላል፤ ቀጭን ነው፣ ኃይሉም ይበልጣል። ሎሚውም የእኛው ነው። በሌላው ሱፐርማርኬት የሚገኘው ትልቁና ፍሬ አልባው ሎሚ ሲሆን፣ የሜክሲኮዎች መደብር ግን ትንሿን፣ ክቧን፣ ቅርፊቷ ስስ የሆነችውንና ፍሬ የሞላችውን ሎሚ ይዟል፤ ያቺ ጥምቀት ላይ የምትወረወረው ሎሚ ናት። አቮካዶ ለመግዛት ሲፈለግ በግንዱ በኩል በቀስታ ይጫኑታል፤ ከመሃሉ የሚጫን ሰው ሌላው የሚገዛውን ያበላሻል፣ ሜክሲኮዎቹም በክፉ ዓይን ያዩታል። አሜሪካ ከ1914 ጀምሮ ተባይን ምክንያት አድርጋ የሜክሲኮን አቮካዶ ከልክላ ቆይታ በ1997 መፍቀድ እንደጀመረች ሳስብ፣ ይህ ዛሬ ከሜክሲኮዋ ሚቾአካን ክፍለ ግዛት በገፍ የሚመጣ ፍሬ ለዚያን ያህል ዘመን ከድንበሩ ወዲያ ቀርቶ እንደነበር ማመን ይቸግረኛል።

ከቅጠላ ቅጠሉ መካከል አንዱን በሽታው ነው ያወቅሁት። ሩዳ ብለው በትንንሽ እስር፣ አንዳንዴም በማሰሮ ተተክሎ የሚሸጡት፣ ጤና አዳም ነው። ሜክሲኮዎች ለሆድ ሕመም ያፈሉታል፣ ክፉ መንፈስንና ዓይነ ጥላን ለማራቅም በሰው አካል ላይ ያሻሹታል፤ ቡና ውስጥ ማድረግ ግን አልሰሙም። ገንዘብ ተቀባይዋ እሱን ይዤ ስታይ «ማን ተተበተበ?» በሚል አስተያየት ትመለከተኝ ነበር፤ ለቡና ነው ብዬ ስነግራት ለሥራ ባልደረባዋ ጠርታ ነገረቻት። ሁለቱም እስካሁን ያመኑኝ አይመስለኝም።

ስለ ኖፓል ትንሽ ልቆይ፤ የምንረሳው ነገር አለበትና። ኖፓል የቁልቋሉ በለስ ቅጠል ነው፤ ወይም በትክክል ለመናገር ጠፍጣፋው ግንዱ። መደብሩ ውስጥ አንድ ሠራተኛ ወፍራም ጓንት አድርጎ፣ በቢላ እሾሁን አንድ ባንድ እየፋቀ ይከምረዋል፤ ሙሉውን ወይም የተከተፈውን በክብደት መግዛት ይቻላል። የሜክሲኮ ባንዲራ ላይ ንስሩ የቆመበት ተክል ይኸው ነው። ወደ አገራችን የገባው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ በትግራይና በኤርትራ ክረምት ሲገባ የሰውን ልጅ የሚያጠግብ ፍሬ ሆኗል፤ ቅጠሉ ግን ለከብት መኖ እንጂ ለሰው ገበታ ሲቀርብ አላየሁም። እኔ በሁዳዴ ኖፓሉን ከሽንኩርት፣ ከቲማቲምና ከቃሪያ ጋር በዘይት ጠብሼ በእንጀራ እበላዋለሁ። ሲበስል እንደ ባሚያ ይልጋል፤ ለብቻው በደረቅ ምጣድ ቀድሞ ከታመሰ ግን ልጋጉ ይደርቅለታል፣ ጎምዘዝ ያለው ጣዕሙም ለጾም ምግብ የሚጎድለውን ይሞላል። የዚህ ተክል ታሪክ መራራ ክፍልም አለው። ሜክሲኮዎች ከስፔኖች መምጣት በፊት ጀምሮ ቀይ ቀለም የሚያወጡባት ኮቺኒል የምትባል ጥቃቅን ነፍሳት በኖፓል ላይ ትኖራለች፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለዚሁ ቀለም ተብላ ወደ ትግራይ ስትገባ፣ በትውልድ አገሯ የሚገቷት ጠላቶቿ እዚያ ስላልነበሩ በደቡብ ትግራይ ሰፊ የበለስ ይዞታ አጥፍታለች። ፍሬውን ወስደን ዕውቀቱን ስላልወሰድን ነው እላለሁ፤ ቅጠሉን እንብላው ማለቴም ከዚህ የተነሳ ነው።

የዚህ ሁሉ ትኩስነት ምስጢር የገዥው ብዛት ነው። ድንብላል ቅጠልና ሎሚ የማያድርበት መደብር ትኩስ ሆኖ የሚቆየው በየቀኑ ጠዋት የሚገዙት ሰዎች ስላሉ ብቻ ነው። በጁን 2025 የፌደራል የኢሚግሬሽን መኮንኖች በሎስ አንጀለስና በአካባቢዋ ሰፊ አፈሳ በጀመሩበት ወቅት ይህን በዓይኔ አየሁት። ሰው ከቤት መውጣት ፈራ፤ ቅዳሜ ጋሪ የማይገኝበት መደብር ጭር አለ፤ ቅጠሉ በተደረደረበት ጠወለገ፣ የሥጋው መስኮትም ግማሹ ባዶ ሆነ። ወረቀት ያለኝ ሰው ብሆንም መተላለፊያው መሃል ብቻዬን ቆሜ አቮካዶ መምረጥ አፍሮኝ ነበር።

ሥጋው ክፍል የሚገባው ተራ ቁጥር ተቆርጦ ነው። ቁጥሩ እስኪጠራ ድረስ መስኮቱን ማጥናት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም እዚህ የእንስሳው አካል ሁሉ ይሸጣል። ምላስ፣ ጉንጭ፣ ሽሆና፣ የበሬ ጅራት፣ ጉበት፣ ጨጓራ፣ ቢሪያ ለሚሉት ወጥ የሚሆን ከነአጥንቱ የተከተፈ የፍየል ሥጋ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ለጥብስ ተብሎ በስሱ የተሰነጠቀ የጎን ሥጋ፣ ተቀምሞ ያደረ ዶሮ። በሌላው ሱፐርማርኬት ጨጓራ ማንም አይጠይቅም፤ ካለም በረዶ ሆኖ ጥግ ላይ ተቀብሯል። እዚህ ግን ሁለት ሦስት ዓይነቱ ተለይቶ ተዘርግቷል፤ ሽንፍላውም ታጥቦ ነጭ ሆኖ ይጠብቃል። ሽንፍላ ሲታጠብ የዋለበት ቤት ልጅ ሆኖ ያደገ ሰው ይህን ሲያይ የሚሰማውን እረፍት ለሌላው ማስረዳት ያስቸግራል። ለዱለት የሚሆን አድርጎ እንዲከትፍልኝ ለሥጋ ቆራጩ በእጄ መጠኑን አሳየዋለሁ፤ ስንት ዓመት ሆኖኝ ሳለ ሰውየው ዛሬም «አሁንም ይበልጥ ይድቀቅ?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ መድቀቅ አለበት። መዝኖ ሲጨርስ ደግሞ ሚዛኑ ዋጋውን ካተመ በኋላ አንዲት ቁራጭ ጣል ያደርጋል። መርካቶ ምራቂ የምንለው ነው፤ በኮምፒውተር ሚዛን ዘመን ማንም የማይገደድበት ልማድ መሆኑ ነው ደስ የሚያሰኘው።

ለኦርቶዶክስና ለሙስሊም ወገኖቼ ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የሜክሲኮ ምግብ ከአሳማ ጋር የጠበቀ ዝምድና አለው። ማንቴካ የሚባለው የአሳማ ስብ ቶርቲያ በሚሉት ስስ የስንዴ ቂጣ፣ በተፈጨው የቦሎቄ ወጥ፣ በበቆሎ ሊጥ በሚሠራው ታማሌ፣ አልፎ አልፎም በጣፋጭ ዳቦው ውስጥ ይገባል፤ የሥጋ መጋዙም ሁሉንም የሚቆርጥ አንድ መጋዝ ሊሆን ይችላል። «ማንቴካ አለው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፤ ደጋግሜ ጠይቄ ፊቱን ያጠቆረብኝ ሠራተኛ የለም።

የበቆሎው ቶርቲያ ግን በቆሎ፣ ኖራና ውኃ ብቻ በመሆኑ ጾምም ሃይማኖትም አይከለክለውም። ጠዋት የመጣ ሰው መሣሪያው ከምጣዱ ላይ ሲያወርደው ይደርሳል፤ ትኩሱ ቁልል በወረቀት ተጠቅልሎ ሲሰጥ እንደ አራስ ልጅ ታቅፈውት ነው የሚዞሩት። የኖራው ነገር ለእኛ አዲስ ነው፤ በቆሎ በአገራችን በምርት መጠን ከእህል ሁሉ የሚበልጥ ቢሆንም ጠብሰን፣ ንፍሮ አድርገን ወይም ቂጣ ጋግረን ነው የምንበላው። ሜክሲኮዎች ግን ደረቁን በቆሎ ኖራ በተበጠበጠበት ውኃ ቀቅለው፣ እዚያው አሳድረው፣ አጥበው ገለባውን ያስለቅቁታል፤ ከዚያ ሲፈጭ ማሳ የሚሉት ሊጥ ይሆናል። ይህ ዘዴ ከሦስት ሺህ ዓመታት በላይ ዕድሜ አለው። ኖራው ሊጡ እንዲጣበቅና እንዲዘረጋ ከማድረጉም በላይ በበቆሎው ውስጥ የታሰረውን ናያሲን የተባለ ቫይታሚን ያስለቅቃል። አውሮፓውያን በቆሎውን ወስደው ኖራውን ስለተዉት፣ በቆሎ ዋና ምግቡ የሆነ ድሃ ሁሉ በፔላግራ በሽታ ቆዳው እየተላጠና አእምሮው እየተነካ ተሠቃየ። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጆሴፍ ጎልድበርገር የተባለው ሐኪም ከ1914 ጀምሮ ባደረገው ምርመራ በሽታው ተላላፊ እንዳልሆነና ከምግብ ጉድለት እንደሚመጣ አሳየ፤ የጎደለው ናያሲን መሆኑም በ1937 ታወቀ። የሜክሲኮ ሴቶች ስሙን ሳያውቁት ሥራውን ያውቁት ነበር። ማሳው በመደብሩ ውስጥ በክብደት ይሸጣል፤ ገና ሲቃረብ ለታማሌ የሚገዛው ሰው ሰልፍ መደብሩን ዞሮ ይወጣል።

መጠጡ ላይ ስደርስ ዕዳው ይዞራል። በትልልቅ ማሰሮ ተሞልቶ በጭልፋ ከሚቀዳው አንዱ፣ ደማቅ ቀዩ፣ ሃማይካ የሚሉት ከርከዴ ነው፤ ሌላው ቡናማው ታማሪንዶ፣ የድሬዳዋና የሐረር ሰው ሁመር ብሎ የሚያውቀው። ሁለቱም ከአፍሪካ የሄዱ ተክሎች ናቸው። በሜክሲኮ የቺያፓስና የቬራክሩስ ግዛቶች የሚበቅለው ቡናም እንዲሁ ከእኛ ወገን የተሻገረ ነው። ቡናውን በሸክላ ማሰሮ ከቀረፋና ፒሎንሲዮ ከተባለው ጥሬ ስኳር ጋር ያፈሉታል፤ ቀረፋቸው በእጅ የሚፈረፈረው የስሪላንካው ነው፣ ከጠንካራው ይልቅ ለሻይ የሚስማማው እሱ በመሆኑ ለሻይ የምገዛው ሁልጊዜ ከዚህ ነው። ቡናውን ግን፣ ልክ ነው፣ ጣፋጭ አድርገውታል።

ዳቦው ክፍል ውስጥ ደግሞ ትሪና መቆንጠጫ አንስቶ ራስ በራስ መምረጥ ነው። ኮንቻ የሚሉትን፣ ላዩ በስኳር ሊጥ የተሸፈነውን ለስላሳ ዳቦ ከሁሉ እወዳለሁ። በጃንዋሪ 6 የሚሸጡት የነገሥታት ዳቦ፣ ሰብዓ ሰገል የሚታሰቡበት፣ ክብ ቀለበት የሚመስልና በደረቁ ፍራፍሬዎች ያጌጠ ነው፤ ውስጡ ትንሽ የሕፃን ምስል ተደብቆበታል፣ ምስሉ የደረሰው ሰውም በፌብሯሪ 2 ለሁሉም ታማሌ የማብላት ግዴታ አለበት። ቀኑ ለእኛ የገና ዋዜማ ስለሆነ እኔ የጾም መጨረሻ ላይ ቅቤና እንቁላል የሞላበትን ዳቦ ተሸክሜ እገባለሁ፤ ልጆቼ ሽታውን እያሸተቱ እስከ ነገ መጠበቅ አለባቸው። እነሱ በበኩላቸው ሁለት ገና ያላት አገር ውስጥ መወለዳቸውን እንደ ዕድል ነው የሚቆጥሩት።

የማይገኘው ነገር ግልጽ ነው። ጤፍ የለም፣ ኮረሪማ የለም፣ ጥቁር አዝሙድም እንዲሁ፤ አይብን ለመተካት ከሚሸጡት አይብ ዓይነቶች ሬኬሶን የሚባለው ይቀርባል፣ ሆኖም ጎምዛዛነት ይጎድለዋል፣ እርጎ ጨምሬ ነው የማስተካክለው። ለቀረው በ2002 ትንሿ ኢትዮጵያ የሚል ስም በይፋ ወደ ተሰጠው ወደ ፌርፋክስ ጎዳና መንዳት ግድ ነው። እዚያ ዘወትር እንጀራና ቅመም የምገዛባቸው እትዬ ግን ሐሙስ ጠዋት ሲመጣ ከእኔ ቀድመው እዚሁ ሜክሲኮዎች ዘንድ ሃላፒኞ ሲመርጡ አገኛቸዋለሁ፤ ሰላምታ ተለዋውጠን ስናበቃ፣ «አንቺ ልጅ፣ ቀጥ ቀጥ ያለውን አትጨርሺብኝ፤ ለሱቁ ነው» ይሉኛል።